የሚሸከምልሽ በቅሎ የለም፦ ቦርሳ አዝሎ በቡድን ዛንዚባር

ጥያቄ፦ «በኅዳር መጨረሻ ከ14 ሰዎች ጋር በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ለ8 ቀን ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ሻንጣ አይቻልም፣ ሁሉም በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ብቻ ይያዝ ተብለናል። እኔ አምና ስሜን ተራሮች የሄድኩበት 65 ሊትር ቦርሳ አለኝ፤ ይሆናል? ምን ምን ልያዝበት? ጾመ ነቢያትም ስለሚገባ ምን እንደምበላ ጨንቆኛል። ደግሞ ቡድኑ ከከበደኝ አንድ ቀን ብቻዬን መውጣት እችላለሁ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሜን ላይ ያንን 65 ሊትር ቦርሳ ማን ተሸከመው? እንደ አብዛኛው ሰው ከሆንሽ ጠዋት ለባለ በቅሎው አስረክበሽ፣ አንቺ ውሃና ጃኬት በያዘች ትንሽ ቦርሳ ተራምደሽ፣ ማታ ግጭ ስትደርሺ ቦርሳሽ ቀድሞሽ ድንኳኑ አጠገብ ተቀምጦ ነው ያገኘሽው። ያ ቦርሳ በጀርባሽ ላይ በተከታታይ ግማሽ ሰዓት መዋሉን እጠራጠራለሁ። ዛንዚባር ላይ የሚሸከምልሽ በቅሎ የለም።

ስለዚህ መልሴ፦ አይሆንም። ከ35 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ተዋሺ ወይም ግዢ። ሞልቶ ከ8 ኪሎ አይለፍ። 7 ኪሎ ላይ ብታቆሚው ደግሞ እሰየው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ ይዘሽ እንድትገቢ የሚፈቅደው ክብደት እሱ ስለሆነ፣ መጠኑም ከተፈቀደው ካላለፈ፣ ዛንዚባር ስትደርሺ ሌሎቹ ሻንጣ ሲጠብቁ አንቺ ሽልንግ እየመነዘርሽ ትሆኛለሽ።

«65 ሊትሩን ግማሽ ብሞላውስ?» ትዪኝ ይሆናል። አይሠራም። ትልቅ ቦርሳ ባዶ ቦታ አይወድም፤ የመጨረሻዋ ሌሊት «ለማንኛውም» የሚባሉ ነገሮች ሁሉ ይገቡበታል። በዚያ ላይ በቡድን ጉዞ የአንድ ሰው ቦርሳ የ14ቱም ጉዳይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያልገባው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ የወጣው ዝናብ ይመታዋል። ስቶን ታውን ውስጥ ደግሞ መኪና ወደ አብዛኞቹ መንገዶች አይገባም። እንደ ሐረር ጀጎል ጠባብ ናቸው፤ ከመኪናው ወርደሽ ማረፊያሽ ድረስ በእግርሽ ትሄጃለሽ፤ እዚያም ስትደርሺ አሮጌዎቹ ቤቶች ሊፍት የላቸውም፤ ደረጃቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ክፍልሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ የቡድን ጉዞዎች ስቶን ታውን፣ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ከዚያ ሰሜኑ ዳርቻ እያሉ ሁለት ሦስቴ ማረፊያ ይቀይራሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቦርሳሽን የምታነሺው አንቺ ነሽ።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ግን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ቡድን ይዤ ስመላለስ ያየሁት፣ ከስሜን የመጣ ሰው ዛንዚባር ላይ የሚሳሳተው ጠላቱን ባለመለየቱ ነው። ስሜን ላይ ጠላትሽ ብርድ ነበር። እዚህ ጠላትሽ እርጥበት ነው፤ እሱም ከላይ በዝናብ፣ ከታች በባሕር፣ ከራስሽ ሰውነት በላብ ይመጣል። እኛ አዲስ አበቤዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጠን ላብ ምን እንደሚመስል ረስተናል። ዛንዚባር ባሕር ጠለል ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ናት። አየሩ ራሱ ውሃ ስለተሸከመ ላብሽ ቶሎ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስሜን ላይ ሽቅብ 12 ኪሎ ያዘለ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ይዞ ሲንገዳገድ አይቻለሁ።

የምትሄጂበት ወቅት ደግሞ ቩሊ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ነው። ትልቁ ዝናብ ማሲካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከእሱ ተርፈሻል። ቩሊ እንደ እኛ ክረምት ሙሉ ቀን አያለቅስም፤ ድንገት ወርዶ አንድ ሰዓት ያህል ደብድቦ ይሄዳል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱ ይተነፍሳል። ያኔ ጂንስ ሱሪ ለብሰሽ ከሆነ እስከ ማግስቱ አይደርቅልሽም። ጂንስ አትያዢ። ወፍራም ጥጥም ይቅር። ቀጭን፣ ሰፋ ያለ፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚደርቅ ልብስ ነው የሚያስፈልግሽ፦ ሦስት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ አንድ ረጅም ቀሚስ፣ የዋና ልብስ፣ የውስጥ ልብስ ለአራት ቀን። ለአውሮፕላኑ አንዲት ስስ ሹራብ። በቃ። ስምንት ቀን ማለት ስምንት ቅያሪ ማለት አይደለም፤ ሳሙና ያዢ።

ነጠላሽን ግን አትርሺ። ለጌጥ ብዬ አይደለም። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው፤ በባሕሩ ዳር ሆቴል የፈለግሽውን ልበሺ፣ በስቶን ታውንና በመንደሮቹ ውስጥ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ነጠላ ትከሻ ይሸፍናል፣ ፀሐይ ይከላከላል፣ አውቶቡስ ውስጥ ትራስ ይሆናል፣ ክብደቱም የለም። እዚያ ከደረስሽ ደግሞ ዳራጃኒ ገበያ ካንጋ ግዢ፤ ሴቶቹ የሚለብሱት ባለ ቀለም ጨርቅ ነው፣ ጫፉ ላይ በስዋሂሊ አንድ አባባል ታትሞበታል። አንዳንዱ ለጎረቤት የተወረወረ ሽሙጥ ስለሆነ ከመልበስሽ በፊት ትርጉሙን ጠይቂ።

ስለ ጸጉርሽ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፦ ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ተሠሪ። ጨው፣ አሸዋና ነፋስ ክፍት ጸጉር ላይ የሚያደርጉትን በሁለተኛው ቀን ታይዋለሽ። ሞዴስም ከዚሁ ያዢ፤ የባሕር ዳር መንደር ሱቅ ውስጥ የለመድሽውን አታገኚም። ጭንሽ ለጭን ሲፋተግ እንዳይላጥ ቫዝሊን። ስለዚህ ነገር ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ በሦስተኛው ቀን ግን ግማሹ ቡድን እግሩን ከፍቶ ነው የሚራመደው።

አሁን ወደ ፌስታል እንምጣ። እኛ ዕቃ የምንለየው በፌስታል ነው፤ እርጥቡን ለብቻ፣ ጫማውን ለብቻ። ዛንዚባር የምትገኝባት ታንዛኒያ ግን ከሰኔ 2019 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ፌስታል አግዳለች፣ መንገደኛም ይዞ እንዳይገባ ይፈለጋል። ስለዚህ በጨርቅ ከረጢት ለይው። ለስልክ፣ ለፓስፖርትና ለመድኃኒት ደግሞ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልግሻል፤ አምስት ወይም አሥር ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ይህን እንደ ቅንጦት አትይው። የመጀመሪያውን ቡድኔን ይዤ ከፉምባ በጀልባ ስንወጣ ጀልባው የሚጠብቀን ደረቅ መሬት ላይ መስሎኝ ነበር። እስከ ጭን ድረስ በባሕሩ ውስጥ ተራምደሽ ነው የምትሳፈሪው። የ11 ሰዎች ስም፣ የሆቴል ቁጥርና የመመለሻ ትኬት ያለበት ስልኬ በሱሪዬ ኪስ ነበረ። የቀረውን አራት ቀን በማስታወሻ ደብተር ቡድን መራሁ። ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናውን ሁሉ በወረቀትም አትሜ ነው የምይዘው፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ጫማን በሚመለከት የስሜኑን ቡትስ ቤት ተይው። አንድ ክፍት ሰንደል፣ አንድ የውሃ ጫማ። የውሃ ጫማው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ባሕሩ ልንገርሽ፤ ባሕር የሌለው አገር ልጆች ስለሆንን ማንም ቀድሞ አልነገረንም።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ይህን ሁላችንም በጂኦግራፊ ተምረናል፣ ግን የላንጋኖ ሰው አያምነውም። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ጠዋት ከሆቴሉ ደጃፍ የነበረው ሰማያዊ ውሃ ከሰዓት በኋላ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ታገኚዋለሽ። አሸዋውና ድንጋዩ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። «ፎቶው ላይ ያየነው ባሕር የት ሄደ፣ ተታለልን» ብሎ ከእኔ ጋር የተጣላ መንገደኛ አለ። ያ ሰዓት ግን ለእኔ ከሙላቱ ይበልጣል፤ ሴቶቹ ወጥተው በተተከሉ ችካሎች መካከል በገመድ ያሰሩትን የባሕር አረም ይለቅማሉ፣ ከ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) መጨረሻ ወዲህ የተጀመረ እርሻ ነው። አብረሽ መራመድ ትችያለሽ፣ የውሃ ጫማ ካደረግሽ። ምክንያቱም ድንጋዩ መሐል የባሕር ጃርት አለ፤ ጥቁር፣ እሾሁ እንደ መርፌ የሆነ፣ ሲወጋሽ እዚያው ተሰብሮ የሚቀር። ከወጋሽ አትጭመቂው፤ ጎልቶ የወጣውን በወረንጦ አውጪ፣ እግርሽን በምትችዪው ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪ። የመንደሩ ሰዎች የፓፓያ ወተት ይቀቡልሻል፤ እምቢ አትበያቸው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል። ስለዚህ የቡድን መሪሽን «የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ አይተኸዋል?» ብለሽ ጠይቂው። ካላየው ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ ገልብጦ ነው ማለት ነው። በሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንጉዊና ኬንድዋ፣ ውሃው ብዙ ስለማይሸሽ ሙሉ ቀን መዋኘት ይቻላል፤ ያን ያህል ደግሞ ሰውና ጫጫታ አለ። መዋኘት እችላለሁ ብትዪም መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገሽ ኮራል (ትናንሽ የባሕር እንስሳት የሚሠሩትን ድንጋይ መሰል ነገር) ለማየት ስትገቢ የሕይወት ጃኬት ልበሺ። ውሃው ሲጎድል በኮራሉ ክፍተቶች በኩል ወደ ውጭ ይጎትታል፣ ከዚህ ጉልበት ጋር ደግሞ ሐዋሳ ላይ አልተለማመድሽም። ቲሸርትም ልበሺበት። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ተረት ውሃ ላይ ተደፍተሽ አንድ ሰዓት ከቆየሽ በኋላ ጀርባሽ ላይ ይፈተናል።

ወረቀትና ጤናውን በአጭሩ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ የክትባት ካርዱን በመግቢያው ላይ ይጠይቁሻል፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ውሰጂ፣ አንዴ ከወሰድሽው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን የመድን ሽፋን በ44 ዶላር መግዛት አለበት፤ ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም አይተካውም። ይህ በከፈልሽው ዋጋ ውስጥ መካተት አለመካተቱን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ቪዛውን ራስሽ በታንዛኒያ ኤምባሲ በኩል አረጋግጪ፣ «እዚያ ስንደርስ ይሰጡናል» የሚልሽን አትመኚ። ወባ በደሴቲቱ ላይ በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም፤ መከላከያ ኪኒን ስለመውሰድ ሐኪም አማክሪ፣ ማታ ማታ ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር። ኦአርኤስ አራት አምስት ፓኬት ያዢ፣ የላቡን ጨው ይመልስልሻል። የቧንቧ ውሃ አትጠጪ። ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ አዳፕተር ያስፈልግሻል፤ ለ14 ሰው ሦስት አራት ቢኖር ስለሚበቃ ተነጋገሩ። ዶላሩ አዲስ ኅትመትና ዝርዝር ይሁን። ከስቶን ታውን ውጭ ኤቲኤም ጥቂት ነው።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። እንዲያውም ከአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የተሻለ ትጾሚያለሽ። የስዋሂሊ ወጥ ቤት የሚቆመው በኮኮናት ነው፦ ሩዙ በኮኮናት ወተት ይበስላል፣ ባቄላው በኮኮናት፣ ምቺቻ የሚሉት ጎመናቸውም በኮኮናት። ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ሄሉ እዚያው የበቀለ ነው። ቻፓቲ አለ። ማንዳዚ የኛን ቦምቦሊኖ ይመስላል፣ አንዳንዱ ግን ወተት ወይም እንቁላል ስለሚገባበት ጠይቂ። ኡሮጆ የሚሉትን በማንጎና በሎሚ የኮመጠጠ ሾርባም ሥጋና እንቁላል ሳይጨምሩ ያዘጋጁልሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጾመኛ ነኝ» አትበያቸው። ሳኡሙ ሲሉ ከኛ ጾም ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፣ ለእነሱ ግን ከንጋት እስከ መግሪብ እህልም ውሃም አለመቅመስ ማለት ነው። አንዷ ተጓዤ እንዲህ ብላ፣ አክብረዋት ሳህኑን ከፊቷ አነሱት። ይልቅ የማትበዪውን ቁጠሪላቸው፦ «ሲሊ ኛማ፣ ሲሊ ማያዪ፣ ሲሊ ማዚዋ»፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም ነው። ማታ ፎሮዳኒ ላይ ያለው የምግብ ገበያ ግን ፈተና ነው። ኦክቶፐሱ፣ ሎብስተሩ፣ ሽሪምፑ በእሳት ላይ ተደርድሮ ይጠራሻል። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን፣ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውንም ጨምሮ፣ ለንስሐ አባትሽ ልተወው፤ እኔ ሸንኮራ በዝንጅብልና በሎሚ ተጨምቆ የሚጠጣውን ይዤ እቀመጣለሁ። ለቡድን መሪሽ ግን ስንት ጾመኛ እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት። የሆቴሉ ቁርስ እንቁላል ከሆነ፣ 8 ጾመኛ በአንድ ጠዋት ድንገት ሲያምጽ ወጥ ቤቱ የሚያቀርበው ሐብሐብ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉም የወደድኩት ነው። አዎ፣ ብቻሽን መውጣት ትችያለሽ፣ እንዲያውም ውጪ። ስምንት ቀን ከ14 ሰው ጋር መብላት፣ መተኛት፣ መጠበቅ የሚከብድሽ አንቺ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ግን ማረፊያ በምትቀይሩበት ቀን አይሁን፣ ለመሪውም በዋዜማው የት እንደምትሄጂና በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ንገሪው። ጠዋት ቁርስ ላይ ጠፍተሽ ሰው ሲፈልግሽ ከዋለ ያኔ ነው ቂም የሚያዝብሽ።

የት ልሂድ ካልሽኝ፣ የዶልፊን ጉዞ ባለበት ቀን ቡድኑን ትተሽ ጆዛኒ ሂጂ። ኪዚምካዚ ላይ ብዙ ጀልባዎች ጥቂት ዶልፊኖችን ከበው ሲያሳድዱ ማየት እኔ አልወደውም፤ እንስሳቱ ሲደክማቸው ይታወቃል። ጆዛኒ ደን ውስጥ ግን የዛንዚባር ቀይ ኮሎበስ ጦጣ አለ፣ እንደኛ ጭላዳ ከአገሩ ከዛንዚባር ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ። ሰው ለምዷል፣ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን ይበላል፤ አትንኪው፣ አታብዪው። የምትሄጂው በዳላዳላ ነው፣ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ። ወደ ጃምቢያኒ የሚሄደው 309 ቁጥር በደኑ በር በኩል ያልፋል። ቦርሳ ጉልበትሽ ላይ ይቀመጣል፣ ያውም ጉልበትሽ ላይ የሌላ ሰው ሕፃንም ሊቀመጥ ይችላል። 40 ሊትር ያልኩት አሁን ይገባሻል።

ስቶን ታውን ውስጥ ብቻሽን ከሆንሽ «እኅቴ፣ ወንድምሽ ነኝ፣ ላስጎብኝሽ» የሚሉ ደላሎች ይከተሉሻል። የአገሬው ሰው ራሱ ፓፓሲ ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። «ሃፓና፣ አሳንቴ» ብለሽ ሳትቆሚ እለፊ። የባሪያ ገበያው የነበረበትን ቦታ ግን ከቡድኑና ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ሂጂ፤ በ1873 (በፈረንጆቹ) ገበያው ተዘግቶ በቦታው ላይ ካቴድራል ተሠርቷል። ብቻ ቆሞ ለማየት ከባድ ነው፣ ታሪኩን የሚነግር ሰውም ያስፈልጋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ አንቺ ከማንም ፈረንጅ ትቀድሚያለሽ። ስዋሂሊዎች እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነው፤ የዳላዳላው ረዳት «ሳ ሞጃ» ካለሽ 1 ሰዓት ነው፣ ምንም መቁጠር አያስፈልግሽም። የሰዓት ሰቅላችንም አንድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው በእንግሊዝኛ ሲያወራሽ ነው፤ ያኔ አንዳንዱ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የራሱን ሰዓት በእንግሊዝኛ ይተረጉማል። «ፀሐይ ስትወጣ ነው ወይስ ስትጠልቅ?» ብለሽ አጣሪ። ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለምትገባ፣ ከጆዛኒ 10 ሰዓት ላይ ተነሺ። ማታ በባሕሩ ዳር ብቻሽን አትራመጂ።

ከመመለስሽ በፊት ባለው ሌሊት የቦርሳሽን ዚፖች በጨው አልባ ውሃ እጠቢና ጥላ ውስጥ አድርቂ፤ ጨውና አሸዋ ከያዘው በሁለት ሳምንት ውስጥ አይንቀሳቀስም፣ የተዋስሽው ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ይጠይቅሻል። ዛጎልና ኮራል አትያዢ፣ ማውጣት ክልክል ነው። ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚበት፤ ለሐኪሙ «ዛንዚባር ነበርኩ» ብለሽ ጀምሪ፣ የደም ምርመራው ከዚያ ይነሳ።